ራውተሩ ዝም ሲል

በዚያ የእንጨት ሥራ ቤት ጠዋት የሚጀምረው ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነበር። ሽማግሌው አናጢ ጋሽ ሙሄ የቆርቆሮውን በር ገፍቶ ይከፍታል፤ ወዲያው ግን አይገባም። ደጃፉ ላይ ቆሞ ከካፖርቱ ኪስ ጥጥ ያወጣና ሁለቱንም ጆሮዎቹን ይወትፋል፤ ከዚያ በአምስት ፈጣን እርምጃ ማብሪያው ጋ ደርሶ የእንጨት መቅረጫውን ራውተር ያስነሣል። ገበታው ላይ እንጨት የለም፣ መቁረጫውም ገና አልታሰረም፣ ራውተሩ ግን ባዶውን ይዞራል፤ ጩኸቱ እንደ ቀጭን ሽቦ ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር እየተፋተገ የቤቱን አራት ማዕዘን ይሞላል፣ መስታወቶቹን ያንቀጠቅጣል፣ ትናንት ሲጠረግ የቀረውን ሰጋቱራ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ወለሉ ላይ ያንቀሳቅሳል። ካፖርቱን የሚሰቅለው ከዚህ በኋላ ነው፤ መጥረጊያ የሚያነሣውም ከዚህ በኋላ ነው።

ትርሲት ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ አይታለች፤ ሁለት ዓመት ሙሉም አብግኗታል። ቱርክ አገር፣ ኢዝሚር ከተማ፣ ዘጠኝ ዓመት ማሽን ተምራ፣ ማሽን ሠርታ፣ የማሽን ሕመም ከድምፁ እየለየች የኖረች ሰው ናት። ኮምፒዩተር ላይ የተሳለውን ቅርጽ እንጨት ላይ የሚቀርጸውን ሲኤንሲ ማሽን በመርከብ አስጭና ደሴ ድረስ ያመጣችው የአባቷን ሥራ ቤት እንደ አዲስ አቆማለሁ ብላ ነበር። በማሽኑ ክንድ ጫፍ ላይ መቁረጫውን የሚያዞር ሞተር ያስፈልጋል፤ ለጊዜው ብላ ያሰረችው አናጢዎች በእጃቸው ይዘው ጠርዝ የሚያወጡበትን ተራ ራውተር ነበር። ለጊዜው የተባለው ሁለት ዓመት ሆነ። ራውተር ቀኑን ሙሉ እንዲሠራ የተሠራ ነገር አይደለም፤ ካርቦኑ ያልቃል፣ ኩሽኔታው ይበላል፤ በዚህ ዓመት ብቻ ሁለቱ ተቃጥለው ሦስተኛው ላይ ደርሰዋል።

“ጋሼ፣ ስለ ፈጣሪ፣ ሥራ ሳይኖር ለምን ታስነሣዋለህ?” ስትለው ጋሽ ሙሄ ወደ ጥጡ እየጠቆመ፣ “አልሰማሁሽም ልጄ” ይላል። ይህ ማሽን ከመምጣቱ በፊት ክብ መጋዙ ነበር እንዲህ ባዶውን ሲዞር የሚውለው።

ሌላው የሚያበግናት የስም ነገር ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ማንም ማንንም በስሙ አይጠራም። አባቷ ተገኔ ካወጣው ደንብ ሁሉ የጸናው ይህ ነው፤ ሰው ሲፈለግ በእንጨት መዶሻ የሥራ ጠረጴዛው፣ ባንኮው፣ ይመታል፣ አንዴ ለጋሽ ሙሄ፣ ሁለቴ ለእሷ፣ ሦስቴ ለአባቷ፤ እሱ ንዝረቱን በእጁ ይለየዋል። ጩኸት ባለበት ቤት ስም መጥራት ዋጋ ስለሌለው ነው ብላ ለራሷ አስረድታ ነበር። ግን ደንቡ ራውተሩ በቆመበት ጊዜም አይለወጥም። ጋሽ ሙሄ አጠገቧ ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ ሊነካት እየቻለ፣ መዶሻውን አንሥቶ ሁለቴ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል።

አባቷ ለነገሩ ቢጠራም አይሰማም። እሷ በሄደች በሦስተኛው ወር፣ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ መብራት ጠፍቶ ሳለ ከሥራ ቤቱ ወጣና ጆሮውን በእጁ አሳይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ በቃ፣ ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ደንቆሮ ነው። ያዩት ሐኪሞች ሁሉ ጆሮው ደህና ነው አሉ። ትርሲት ይህን በስልክ ስትሰማ በአገሯ ሕክምና አዘነች፤ ዕድሜውን ሙሉ መጋዝ ሲጮህበት የኖረ ጆሮ እንዴት ደህና ይሆናል? ከጆሮው ጋር አፉንም ዘጋ። የሚናገረው ነገር ሲኖር ጥቁር በተቀባ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ላይ በጠመኔ ይጽፋል፤ እሱንም ከሦስት ቃል አያስበልጥም።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሥራ ቤቱ እሳት የተነሣበት ይመስል ነበር። ደሴ በክረምት መብራት ትነፍጋለች፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሲሸፍን፣ በሦስትና በአራት ሰዓት መካከል፣ አንዳንዴ ከምሳ በኋላ፣ ራውተሩ በቃል መሃል እንደ ተቋረጠ ሰው መስለል ይጀምራል። ጋሽ ሙሄ የያዘውን ጥሎ ይወጣል። እየዘነበም ቢሆን ይወጣል፤ ከደጅ ባለው ቆርቆሮ ሥር ተኮራምቶ መብራቱ እስኪመጣ ይጠብቃል። ከእሱ የሚቀድመው ግን አባቷ ነበር። የራውተሩ ጩኸት ወደ ማቃሰት ሳይወርድ፣ አባቷ በሩ ላይ ደርሷል። በመስኮቱ ብርሃን ስለሚሠራ የአምፖሉን መጥፋት አያይም፤ መስማት ደግሞ አይሰማም። ንዝረቱን በእግሩ ለይቶ ነው፣ ትል ነበር ትርሲት። የተማረ ሰው ለሁሉም ነገር ምክንያት አያጣም።

እሷ ብቻ ውስጥ ትቀራለች። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከኋላው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ከተከመረው የዋንዛ ሳንቃ በኩል የሚመጣ ሽታ አለ፤ የእርጥብ እንጨት ሽታ ነው፣ ግን ሳንቃዎቹ ከደረቁ ዓመት አልፏቸዋል። አንዳንዴም መዶሻ የተቀመጠ ያህል፣ አንድ ትንሽ ጠቅ የሚል ድምፅ ትሰማለች። እንጨት ሲቀዘቅዝ ይንቋቋል። ያንንም ታውቃለች።

በነሐሴ መጀመሪያ ደብዳቤው መጣ። ጎረቤቶች በማሽኑ ጩኸት ተማረናል ብለው ፈርመዋል፤ ቀበሌውም በሃያ ቀን ውስጥ ጩኸቱ ካልቆመ ሥራ ቤቱ እንደሚታሸግ ጽፏል። ትርሲት ስልኳ ላይ የለካችውን የድምፅ መጠን በሰንጠረዥ አዘጋጅታ ይዛ ሄደች፤ ስንት ሲደርስ ነው የሚፈቀደው ብላ ጠየቀች። ሠራተኛው ሰንጠረዡን ገለባበጠው። “እሱን እኛ አናውቅም፣ እህቴ” አላት፤ “ዝም ይበል ነው የተባለው።”

ወደ ቤት ስትመለስ ዳገቱን የወጣችው በንዴት ነው። ሥራ ቤቱ ከታሸገ እሷ መሄጃ አላት፤ የኢዝሚሩ ፋብሪካ አለቃ ቦታሽ እስከ መስከረም ይጠብቅሻል ብሎ ጽፎላታል። አባቷ ግን ሌላ ምንም የለውም። የማይሰማ፣ የማይናገር፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው፣ እጁ ላይ እንጨት ካልኖረ ቀኑን በምን ይሞላዋል? ግድግዳ እያየ በዓመት ውስጥ ያልቃል። ይህ እንዳይሆን መውጫው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ደግሞ ድሮ መደረግ የነበረበት ነገር ነው።

ማታን ሳትጠብቅ ጥቁሩን ኮምፔንሳቶ አባቷ ፊት አቁማ ለሁለት ከፈለችው። በአንድ በኩል ራውተር ብላ ጻፈች፤ ዋጋው ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ካርቦኑ ሲያልቅ በማንም እጅ ይለወጣል፣ ተራ ሶኬት ይበቃዋል። ይጮኻል። በሌላው በኩል ስፒንድል አለች፤ ለዚሁ ሥራ የተሠራ ሞተር፣ ካርቦን የሌለው፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቢሠራ የማይደክመው፣ ሲቆርጥ የማይንቀጠቀጥ። ፍጥነቱን የሚቆጣጠር ኢንቨርተርና የውሃ ፓምፕ ይፈልጋል። አይጮኽም። የመጨረሻውን ቃል ሁለቴ አሰመረችበት።

አባቷ ጠመኔውን ከእጇ ወስዶ ራውተር የሚለውን ከበበ።

“ለምን?” ብላ ጻፈች።

“ለምደነዋል” ብሎ ጻፈ አባቷ።

“ይታሸጋል እኮ፣ አባባ!” ብላ ስትጽፍ ጠመኔው በእጇ ላይ ተሰበረ። አባቷ የተሰበረውን ከወለሉ አንሥቶ ሰሌዳው ግርጌ ላይ፣ በቀስታ፣ እያንዳንዱን ፊደል እየተጫነ ጻፈ። “ለምን ኢዝሚር አትመለሺም?”

እዚያው ቆማ ብዙ ጊዜ አነበበችው። ዘጠኝ ዓመት ጠብቆ፣ ሁለት ዓመት አብሯት ሠርቶ፣ ሊነግራት የፈለገው ይህን ነበር እንግዲህ። በማግስቱ ጠዋት አዲስ አበባ ደውላ ስፒንድሉን አዘዘች።

ጋሽ ሙሄ ሲሰማ ከግቢው በር ውጭ ጠርቶ አቆማት። እዚያ ውጭ ሲሆን ጥጡንም ያወጣል፣ በስሟም ይጠራታል።

“ይሄ ስፒንድል የምትይው፣ ትርሲት፣ ድምፁ ምን ያህል ነው?”

“የለውም ብትል ይቀላል። ውሃው ሲንቆረቆር ብቻ ነው።”

“ታዲያ እየሠራ ሌላ ነገር ይሰማል?”

“ሹክ ብትለኝ እንኳ እሰማሃለሁ።”

“እንግዲያ አይሆንም።”

“ለምን አይሆንም? አንተስ ቢያንስ ምክንያት ንገረኝ።”

“ብነግርሽ ትስቂያለሽ።”

“አልስቅም።”

“ትስቂያለሽ። ያንቺ ሳቅ ከአፍንጫሽ ነው የሚጀምረው፤ ይኸው ጀመረሽ።” ወደ ሥራ ቤቱ በር ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እሺ፣ ያምጡት። ግን ሬዲዮ እንግዛ። ትልቁን።”

“ጩኸት ቀንሱ ተብለን ሬዲዮ ልንገዛ?”

“ቁርአንም ይሁን፣ ዘፈንም ይሁን፣ የዓለም ዜናም ይሁን ግድ የለኝም። ብቻ አፉን አይዝጋ።”

ስፒንድሉ የመጣው ከስንት ንትርክ በኋላ ነው። በመጀመሪያው አውቶቡስ ሞተሩ መጥቶ ኢንቨርተሩ ቀረ። በሁለተኛው ኢንቨርተሩ ሲመጣ ለሌላ ሞተር የሚሆን ሆኖ ተገኘ። በሦስተኛው ትክክለኛው መጣ፤ የውሃ ቱቦው ግን ከፓምፑ አፍ ጋር አልገጥም ብሎ በብስክሌት ጎማ ቁራጭ አስራ ገጣጠመችው። መያዣውን ራሷ በሳች፣ ሽቦውን ራሷ ዘረጋች፤ አባቷ አጠገቧ ቆሞ ቁልፍ ሲያቀብላት ዓይኑን ከኋላው ሳንቃ ላይ አልነቀለም። ከሃያው ቀን ሁለት ሲቀር ጨረሰች።

ስታስነሣው መነሣቱን ያወቀችው በቁጥሩ ብቻ ነው። በኢንቨርተሩ መስታወት ላይ ቁጥሩ ወጣ፣ በደቂቃ ሃያ አራት ሺህ ዙር ደረሰ፤ ቤቱ ግን እንደ ነበረ ነው። ውሃው ባልዲው ውስጥ እየተንቆረቆረ ይመለሳል። መቁረጫው ዋንዛውን ሲነካ እንደ ወረቀት መቀደድ ያለ ልስልስ ድምፅ ብቻ ተሰማ፤ ቅርጹም ጠርዙ እንደ ምላጭ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ትርሲት ከስንት ወር በኋላ ትከሻዋ ሲላላ ተሰማት። ዞር ስትል አባቷ የለም። ጋሽ ሙሄ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

“ያንን የጆሮ መዝጊያሽን” አላት፣ “ያንን ከቱርክ ያመጣሽውን፣ ስጪኝ።”

“ጋሼ፣ ምንም ጩኸት እኮ የለም።”

“ለዚያ ነዋ።”

በዚህ ጊዜ ነው ትርሲት የሳቀችው። ከንዴትም ከደስታም የመጣ ሳቅ ነበር፤ በእርግጥም ከአፍንጫዋ ጀመረ። ከዛሬ ጀምሮ መዶሻው በቃ አለች፤ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ሰው በስማችን እንጠራራለን። “ጋሽ ሙሄ!” ብላ ተጣራች፣ አምስት እርምጃ ርቆ ለቆመው ሰው። አልመለሰም። በእጁ አፉን ያዘ። ከዚያ ወደ ጎኑ መስኮት ሄዳ ከፈተችው፤ ከግንቡ ወዲያ ልብስ የምታሰጣው ደብዳቤው ላይ መጀመሪያ የፈረመችው ጎረቤት ናት።

“እትዬ ከድጃ! እትዬ ከድጃ፣ እስቲ ስሚ!”

“ማነው እሱ?”

“እኔ ነኝ፣ ትርሲት ነኝ። ማሽኑ እየሠራ ነው እኮ፣ ይሰማሻል?”

“ወይ ጉድ፣ ምንም!” አለች ከድጃ ሳቅ ብላ፤ “ሞተ ወይስ ተኛ?”

መስኮቱን ዘግታ ስትመለስ ጋሽ ሙሄ ደጃፉ ላይ አልነበረም። የባልዲው ውሃ ላይ ትንንሽ ክቦች እየተከታተሉ ይሰፋሉ። የፓምፑ ንዝረት ነው ብላ ፓምፑን አጠፋችው። ክቦቹ አልቆሙም፤ በዝግታ፣ ሰው አጠገቡ ሆኖ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አንድ ነገር ደጋግሞ ሲለማመድ ትንፋሹ የነካው ይመስል፣ መጡ፣ ሄዱ፣ እንደገና መጡ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከድጃ ግንቡ ጋ መጣች። ነጠላዋን አገጯ ድረስ ስባ ነበር።

“ትናንት ከሰዓት ጠርተሽኝ ነበር?”

“ጠዋት ነው እንጂ የጠራሁሽ፣ ማሽኑን ላሰማሽ።”

“ጠዋቱንማ አውቃለሁ። ከሰዓት ነው የምልሽ። በአንቺ ድምፅ፣ እትዬ ከድጃ፣ እትዬ ከድጃ፣ እስቲ ስሚ፣ እያለ።” ወደ መስኮቱ አየት አድርጋ ዓይኗን ቶሎ መለሰች። “አቤት ልል አፌን ስከፍት የያዝኩት ሻይ ትን አለኝ። ሳሉ እስኪለቀኝ ስሜ ተደጋገመ፤ አንድ ዓይነት ነው፣ አይፈጥንም፣ አይዘገይም። ሰው ሰው አይሸትም።”

“ስልክ ይሆናል፤ የሆነ ሰው ድምፄን ቀድቶ...”

“እኔ እንጃ ወዬ። ብቻ ፊርማዬን አነሣለሁ፤ ሌሎቹንም እለምናለሁ። ያንን የድሮውን ጯሂ መልሱት።”

ትርሲት ቀኑን በንዴት ፈጀችው። ሁለት ዓመት አስጮኽሽብን አሉ፤ ዝም ሲል ደግሞ ይጩህ አሉ። በዚህ አገር ከሰው ጋር የሚያስማማ ትክክለኛ ነገር የለም ወይ? ለኢዝሚሩ አለቃ መልስ መጻፍ ጀመረች፤ እመጣለሁ ብላ ጻፈች፣ አጠፋችው፣ አልመጣም ብላ ጻፈች፣ እሱንም አጠፋችው። ስትሠራ የእርጥብ እንጨቱ ሽታ ከሳንቃው ክምር አልፎ ማሽኑ ድረስ መጥቷል። ሁለቴ፣ መዶሻው በእጇ ተይዞ ሳለ፣ ባንኮው ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ሲል ሰማች፤ ቀና አላለችም።

በሃያኛው ቀን ጠዋት የቀበሌው ሠራተኛ ሊያረጋግጥ መጣ። ማሽኑ ሲሠራ አጠገቡ ቆሞ ጥቂት አዳመጠ፣ ግራ ገብቶት ገበታውን በእጁ ነካ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ፈረመ። ሥራ ቤቱ አይታሸግም። ትርሲት ወረቀቱን ተቀብላ አጥፋ ኪሷ ከተተችው፤ አባቷ ባንኮውን አላጣም።

“ጎበዝ ናችሁ” አለ ሠራተኛው ሊወጣ ሲል። “ያ ከሳንቃው ኋላ የቆመው ሠራተኛሽ ግን ጫማ ያድርግ። ሚስማር ይወጋዋል።”

ትርሲት ዞረች። ሳንቃው ከነክምሩ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ቆሟል፤ በመካከላቸው መዳፍ የሚያስገባ ቦታ እንኳ የለም። ጋሽ ሙሄ ነው ያየው ልትል አሰበች። ነገር ግን በተከፈተው በር በኩል፣ ከግቢው ውጭ፣ ጋሽ ሙሄ ካፖርቱን እንደ ለበሰ፣ ጫማውንም እንዳደረገ ቆሞ ይታያታል።

ሠራተኛውን ሸኝታ ወደ እሱ ሄደች። ቁልፉን አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

“ሠላሳ ዓመት ሠራሁ፣ በቃኝ” አለ።

“በዚህ ቀን? ተፈርሞልን፣ ሥራው ሊሠራ ሲል?”

“አጎትሽን ቸርነትን፣ የአባትሽን ወንድም፣ ታስታውሽዋለሽ?”

“በደንብ አላስታውሰውም፤ ልጅ ነበርኩ። አሰብ ለሥራ ሄዶ በዚያው ቀረ አይደል?”

ጋሽ ሙሄ ጥጡን ከኪሱ አውጥቶ በጣቶቹ አሻሸው። “ቸርነት አሰብ አልሄደም። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ እኔና አባትሽ ደጅ ነበርን። ከውስጥ በእናቱ ድምፅ ተጠራ፤ አቤት አለ። አቤት ሲል ሁለታችንም ሰምተናል። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም፤ ስንገባ ጫማው ከሳንቃው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጦ ነበር።” ሌላ ነገር የሚጨምር መስሎ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ዓይኑ ግን ከእሷ አልፎ በደጃፉ በርጩማ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ተቀመጠው አባቷ ሄደ። “አባትሽ ከእኔ ይልቅ ብልህ ነበር” አለና ቁልቁለቱን ወረደ።

ትርሲት ቁልፉን ጨብጣ ቆመች። መሳቅ ፈለገች፣ አልመጣላትም። ሽማግሌው መሥራት ደክሞታል፤ ባልደረባው የጠፋበት ሰው ታሪክ ይፈጥራል፤ የቀበሌው ሠራተኛ ዓይኑ ደክሟል፤ ከድጃም ቤት ውስጥ ብቻዋን ትውላለች። ለእያንዳንዱ ምክንያት ነበራት። ምክንያቶቹን አንድ ላይ ስታስቀምጣቸው ግን አንዱ ከአንዱ ጋር አልገጥም አለ፤ እንደዚያ የውሃ ቱቦ። ይህ ይበልጥ አናደዳት። ሥራ ቤቱ ተርፏል፤ ይህን ያደረገችው እሷ ናት፤ አንድ ሰው እንኳ ደግ አደረግሽ አላላትም። ገባችና ስፒንድሉን አስነሣች።

እኩለ ቀን ሊሆን ነው። ጉሙ መስኮቶቹን ነጭ ጨርቅ የተጋረደባቸው አስመስሏቸዋል፤ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ጥላ የሚባል ነገርም አልነበረም። መቁረጫው በዋንዛው ላይ ረጅሙን ሐረግ እየቀረጸ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ሰጋቱራው ልክ እንደ ዱቄት በሁለት በኩል ይወርዳል፤ ውሃው ይንቆረቆራል። እንዲህ ያለ ጸጥታ የተመኘችው ስንት ቀን ነው? አሁን ግን ጸጥታው ባዶ አልነበረም። አፉን ከፍቶ እንደሚጠብቅ ነገር፣ በማሽኑና በሳንቃው መካከል ባለው አየር ላይ ተወጥሮ ነበር።

“ትርሲትዬ።”

የአባቷ ድምፅ ነበር። ያሁኑ አይደለም፤ ያሁኑን አታውቀውም። ከመሄዷ በፊት የነበረው፣ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ከመጋዙ ቀና ብሎ የሚጠራበት፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የሚያዘነብለው ለስላሳ ድምፁ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ያልሰማችው። ጸጥታው ነው፣ አለች በልቧ፤ ጩኸቱ ሲቆም ጆሮው ተከፈተ፣ አፉም ተከፈተ፣ ሐኪሞቹ ጆሮው ደህና ነው ያሉት እውነታቸውን ነበር። የጋሽ ሙሄ ነገር በዚያች ቅጽበት ከሐሳቧ ጨርሶ ጠፋ፤ ወይም አልጠፋም፣ ደስታዋ ቀደመው።

“አቤት፣ አባባ” አለች።

ድምፁ የመጣው ከሳንቃው በኩል ነው። በእጇ የነበረውን መዶሻ አስቀምጣ ሄደች። ከክምሩ ኋላ ማንም የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ግን ወለሉ ላይ፣ በሳንቃውና በግድግዳው መካከል ካለችው ቀጭን ስንጥቅ ፊት፣ የተበተነው ሰጋቱራ ይንቀሳቀሳል። ቀስ እያለ ወደ ስንጥቁ ይሳባል፤ ትንሽ፣ ከዚያ ትንሽ፣ ልክ አንድ ሰው ወለሉ ላይ ተኝቶ አየር ወደ ውስጥ የሚስብ ይመስል። እርጥቡ ሽታ ፊቷን ሸፈናት፤ ውስጡ የሞቀ ነገር ነበረበት። ከዚያ ሰጋቱራው ባለበት ቆመ። የፈለገውን ያገኘ፣ አሁን ትንፋሹን የያዘ ነገር እንደሚቆመው ቆመ።

ማሽኑን ሳታጠፋ ወጣች። አልሮጠችም፤ ብትሮጥ ነገሩን ማመኗ ነው። አባቷ ከደጅ ባለው ቆርቆሮ ሥር፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ በበርጩማው ላይ እንደ ተቀመጠ የመጥረቢያ እጀታ በቢላ ይልጣል። ጉሙ እስከ ጉልበቱ መጥቷል። እግሩ ሥር የተከመረው ልጣጭ ብዛት ከቦታው ሳይነሣ ሰዓት እንዳለፈ ይናገራል። ትርሲት ከኋላው ሁለት እርምጃ ርቃ ቆመች። እንደማይሰማ ታውቃለች፤ ለዚህም ነው ድምፅዋን ለራሷ ያህል ብቻ ያወጣችው፣ ማንም እንዳልሰማት ልታረጋግጥ፣ ነገሩ ሁሉ ከራሷ ድካም እንደመጣ ልትደመድም።

“አባባ” አለች በሹክሹክታ፣ “ጠርተኸኝ ነበር?”

ቢላው እንጨቱ ውስጥ ቆመ፤ አባቷ ዘወር ሳይል፣ አሥራ አንድ ዓመት ተዘግቶ በኖረ፣ በዛገና በተሰነጠቀ ድምፅ፣ “እኔስ አልጠራሁሽም” አለ፤ “አቤት ስትይ ግን ሰምቻለሁ።”